ከመንገዱ ጀርባ

አራት ኪሎ ላይ ለነዋሪዎች፣ ለተማሪዎችና ለሙያ ባልደረቦች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ

እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ ወደዚህ የመጣሁት በእግሬ ነው። ከጊዮርጊስ ተነስቼ ፒያሳን አቋረጥኩ፤ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሬ ዳገቱን ወጣሁ። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ። አንድ አዛውንት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አየሁ፤ ዳገቱን ከመጨረሳቸው በፊት የሚያርፉበት ቦታ አግኝተዋል። ይህን አቃልዬ አላየውም። እኔ በዚህ መንገድ ትምህርት ቤት ስመላለስ የእግረኛ መንገድ የሚባለው በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በብዙ ነገር ያከራክረናል፤ መከራከራችንም ተገቢ ነው። ለእግረኛው ቦታ መስጠቱን ግን መካድ አይቻልም።

ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ቆምኩ። አዲስ ቀለም በተቀቡ ሁለት ሕንፃዎች መካከል አንድ ጠባብ መግቢያ አለች፤ ገባሁባት። 30 እርምጃ ሳልራመድ ቆርቆሮ አጥር፣ ለወረፋ የተደረደሩ ቢጫ ጀሪካኖች፣ በር ላይ የተሰጣ በርበሬ፣ ከግድግዳ ግድግዳ የተዘረጋ የልብስ ገመድ አገኘሁ። ጫማ የሚሰፋ ሰው ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጧል። ከሱ አለፍ ብሎ ለስንት ቤተሰብ እንደሆነ ለመቁጠር የሚያስቸግር አንድ የጋራ መጸዳጃ ቤት አለ። መንገድ ላይ ያለው መብራት እዚያ አይደርስም።

ቤቱን የሚያሳምር ሰው ከሳሎን ይጀምራል፤ እንግዳ የሚገባው በዚያ ነውና። ሊጥ የሚቦካው፣ ወጥ የሚሠራው፣ አራስ የምትታረሰው ግን ጓዳ ነው። ከተማችን ሰሞኑን ሳሎኗን አሰናድታለች። እኔ ዛሬ ልል የመጣሁት አንድ ነገር ነው፦ የመጪው ዓመት የመሬት አጠቃቀም ቅድሚያ ጓዳው ይሁን። ከመንገዱ ጀርባ፣ በየብሎኩ ሆድ ውስጥ ያለው መሬት።

«ቅድሚያ» የሚለው ቃል በሙያችን፣ በከተማ ፕላን ሥራ፣ ብዙ ተበድሏል። በሥራ ዘመኔ ያነበብኳቸው ዓመታዊ ዕቅዶች አብዛኞቹ ቅድሚያ የሚሰጧቸውን ጉዳዮች ገጽ ሙሉ ይደረድራሉ፤ ቤት፣ መንገድ፣ አረንጓዴ ቦታ፣ ኢንዱስትሪ፣ ቱሪዝም፣ ፓርኪንግ፣ ስፖርት ሜዳ። ሁሉም ከቀደመ የቀደመ የለም። አንድ ነገር ቅድሚያ አገኘ የምንለው ሌላው «አንተ ቆይ» ሲባል ነው። ስለዚህ ዛሬ ምን ይቅደም ስል ምን ይቆይ የሚለውንም እናገራለሁ። በኋላ ተከራከሩኝ።

ጊዜውም የሚያስቸኩል ነው። በ2009 ዓ.ም. የጸደቀው፣ አሥረኛው እየተባለ የሚጠራው የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የመላ ከተማዋ ዋና ፕላን፣ የተዘጋጀው ለአሥር ዓመት ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ለመዋቅራዊ ፕላን የሰጠው ዕድሜ ያ ነው፤ ዕድሜው ደግሞ እየተሟጠጠ ነው። ቀጣዩን ፕላን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ባዶ ወረቀት አይሰጣቸውም። እኛ በመጨረሻዎቹ ወራት የምንፈርመውን ሁሉ ተቀብለው ነው የሚጀምሩት። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ አዲስ አበባ ውስጥ ለንግድ የተሰጠ ቦታ 60 ዓመት፣ ለመኖሪያ የተሰጠ 99 ዓመት ይዞታው ይጸናል። በ30 ዓመቷ የንግድ ቦታ ውል ላይ ፊርማዋን የምታኖር የክፍለ ከተማ ባለሙያ ውሉ የሚያልቀው 90 ዓመት ሲሞላት ነው። የዓመት ዕቅድ እንላለን እንጂ መሬት ላይ የዓመት ዕቅድ የሚባል ነገር የለም።

ወደ ጓዳው ከመግባታችን በፊት ጓዳው እንዴት እንደተፈጠረ ጥቂት ልበል። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውኃ አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ በየጉብታው መሬት ሰጡ። እስከ ዛሬ በአፋችን ያሉት ራስ ብሩ ሰፈር፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የምንላቸው ስሞች የዚያ አሰፋፈር ውርስ ናቸው። ጌታው ጉብታው አናት ላይ፣ አሽከሩ፣ ወታደሩ፣ ጠጅ ጣይዋና አንጥረኛው በዙሪያው ሰፈሩ። በጉብታዎቹ መካከል የሚወርዱት ወንዞች ወሰን ሆኑ። እኩልነት ነበር እያልኩ አይደለም፤ የጌታና የሎሌ ኑሮ ነበር። ነገር ግን ባለጸጋውና ድኻው ከአንድ ምንጭ ይቀዱ፣ በአንድ ደብር ያስቀድሱ ነበር። ሰው ከሚሠራበት ቦታ አጠገብ ያድር ነበር።

ይህን ሆን ብለው ለመለያየት የመጀመሪያዎቹ ጣሊያኖች ናቸው። በወረራው ዘመን ያወጡት ፕላን ነጩን ከጥቁሩ ይለይ ነበር፤ የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ መርካቶ የሆነው ያኔ ነው። ከድል በኋላም ፕላን አውጪዎቻችን ከውጭ ይመጡ ነበር፤ እንግሊዛዊው ፓትሪክ አበርክሮምቢ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ፈረንሳዊው ሉዊ ደ ማርየን በ1965። ደ ማርየን ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ያለውን የቸርችል ጎዳና የከተማዋ አከርካሪ አድርጎ ሣለው፤ እውነትም የሚያምር መሥመር ነው። ከመሥመሩ ግራና ቀኝ ያለው ሰፈር ግን በየፕላኑ ወይ እንደሚነሳ ተቆጥሮ፣ ወይ ሳይታይ ታለፈ።

ከዚያ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. መጣ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። የድኻው ኪራይ ተቀነሰ፤ ያ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ እናቴ እስክትሞት ስታነሳው ኖራለች። ነገር ግን በጥቂት ብር ኪራይ ጣራ አይቀየርም። ቀበሌው ለማደስ ገንዘብ የለውም፤ ተከራዩ የኔ ያልሆነውን ቤት ለምን አድሳለሁ ይላል፤ ላድስ ቢልም ፈቃድ አያገኝም። የጭቃ ግድግዳ ካልተመረገ በየክረምቱ ይበላል። እንዲህ እየተበላ ሃምሳ ዓመት አለፈ። ዛሬ ሰው «የተጎሳቆለ ሰፈር» ሲል የነዋሪውን ስንፍና የሚያይ ይመስለዋል። የሚያየው ግን የማንም ሆኖ ያላደረ ቤት ምን እንደሚሆን ነው።

እነዚያ ቤቶች ውስጥ ማን ይኖራል? ይህ ጥያቄ መልሱ ቀላል ይመስላል። ሕዝብ ቆጠራ አለን፤ በ1976 ከተማዋ 1.4 ሚሊዮን፣ በ1987 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 2.7 ሚሊዮን ነዋሪ ነበራት። ከ1999 ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም። የቀበሌው መዝገብ ደግሞ የሚያውቀው በኪራይ ውሉ ላይ ስሙ ያለውን ሰው ነው። ደባሉን አያውቀውም። ደባል የምንለው በአንድ ክፍል ውስጥ መጋረጃ ጋርዶ፣ ወይ ቆጥ ላይ ወጥቶ፣ ወይ በግቢው ጥግ በቆርቆሮ ከልሎ የሚኖረው ነው። ኪራይ ይከፍላል፤ ለዕድር ያዋጣል፤ ልጁን ሰፈር ውስጥ ያስተምራል፤ ደረሰኝ ግን የለውም። መሃል ከተማ ያሉ ሆቴሎች ሳህን የሚያጥበው፣ ቢሮዎቹን የሚያጸዳው፣ ሌሊት ሕንፃ የሚጠብቀው እሱ ነው። ሰፈሩ ለልማት ይነሳል ሲባል ባለውሉ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የማግኘት መንገድ አለው። ደባሉ ፍራሹን ተሸክሞ ይወጣል።

አሁን የመሬት አጠቃቀም ካርታችንን በዓይነ ኅሊናችሁ አምጡት። መኖሪያ ቢጫ ነው፣ ንግድ ቀይ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ። ቅድም የገባሁበት ብሎክ ካርታው ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቢጫ ነጥብ ነው። መሬት ላይ ግን እኔ በ15 ደቂቃ ውስጥ ያየሁት ጫማ ሰፊ፣ ልብስ ስፌት፣ ሁለት እንጀራ ጋጋሪ፣ ጠላ ቤት፣ በር ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የዘረጋች ባለ ጉልት፣ የዕድር ዕቃ ማስቀመጫ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት አራት ማዕዘን ክፍት ቦታ ነው። ያ ክፍት ቦታ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከልበታል። ለሠርግ በሬ ይታረድበታል። ጥምቀት ሲደርስ ወጣቶች ተሰብስበው ያስጌጡታል። ካርታው አንድ ቀለም ያለበት ቦታ ኑሮው ሰባት ስምንት ዓይነት አጠቃቀም አለው። በሙያችን «ቅይጥ አጠቃቀም» ስንል ታች ሱቅ ላይ ቢሮ ያለው ባለ መስታወት ሕንፃ ይታየናል። የከተማዋ ቅይጥ አጠቃቀም ግን ከኛ በፊት የነበረ ነው፤ እኛ ነን ያልቆጠርነው።

ሰፈሩ እንዳለ ይቆይ እያልኩ አይደለም። በዚያ መጸዳጃ ቤት ወረፋ የቆመ ሰው ፊት «የሰፈር ሕይወት ያምራል» ማለት ነውር ነው። የመምጠጫ መኪና በማይገባበት መተላለፊያ ጉድጓዱ ሲሞላ ወደ ቦይ ይለቀቃል፤ ቦዩ ወደ ወንዝ ይወርዳል። የእሳት አደጋ መኪናም አይገባም። በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ያ ሁሉ ንብረት ዓይናችን እያየ የወደመው ለምን እንደሆነ የምናውቅ እናውቃለን፤ የተጠጋጋ ግንባታ፣ ጠባብ መግቢያ። የመተላለፊያ ስፋት የመሬት አጠቃቀም ውሳኔ ነው። አንድ መኪና የሚያስገባ መንገድ በብሎኩ መካከል ቢያልፍ መጸዳጃው ይመጠጣል፣ አምቡላንስ ይገባል፣ እሳት ይጠፋል። ለዚያ ምናልባት ጥቂት ቤቶች ይነሳሉ። ሰፈሩ በሙሉ ግን አይነሳም፤ የተነሱትም እዚያው ብሎክ ውስጥ፣ ፎቅ ላይ ሊገቡ ይችላሉ።

ይቻላል ወይ? ልደታን ሄዳችሁ እዩ። አሮጌው ሰፈር በፈረሰበት ቦታ ላይ ኮንዶሚኒየም ተሠርቷል። ከተነሡት ሁሉም እዚያ አልተመለሱም፤ ይህን አልሸሽግም። ነገር ግን በመሃል ከተማ መሬት ላይ ለተራ ሰው የሚሆን ቤት መሥራት እንደሚቻል ቆሞ የሚመሰክር ነው። ከዚያ ወዲህ የገነባነው አብዛኛው ግን ዳር ዳሩን ነው፤ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ምክንያቱ ይገባኛል። ዳር ያለ መሬት ሰፊ ነው፣ ለመሥራት ይፈጥናል።

የሰፈራችን አንዲት ሴት እንዲህ ዳር ወጥታለች። አራት ኪሎ አካባቢ ለሚኖሩ ስድስት ቤቶች ልብስ ታጥብና እንጀራ ትጋግር ነበር፤ በእግሯ ደርሳ ትመለስ ነበር። ዛሬ ሽንት ቤቱ የግሏ፣ ውኃው ከቧንቧ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ቤት አላት፤ ደስ ብሏታል፤ እንኳን ደስ ያላት። ወደ ሥራዋ ለመድረስ ግን ሦስት ታክሲ ትይዛለች። ሌሊት 11 ሰዓት ትነሳለች። ከስድስቱ ቤቶች አራቱን ትታለች። ትንሽዋ ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሚጠብቃት ጎረቤት ነበር፤ አሁን ቁልፍ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ብቻዋን ትገባለች። ባለፈው ዓመት ባሏ ሲሞት ድንኳኑ የተተከለው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው፤ ኮሙናሉ በሌላ ሰው ሐዘን ተይዞ ነበር። የድሮ ዕድርተኞቿ አውቶቡስ ተከራይተን ሄድን። ፕላን አውጪ ቤት ስንት ክፍል እንዳለው ይቆጥራል። ከቤት እስከ ሥራ፣ ከቤት እስከ ዕድር ያለውን ርቀት ማን ይቆጥራል?

ስለዚህ አንደኛው ቅድሚያ ይህ ነው። በመጪው ዓመት በመሃል ከተማ፣ በአራዳ፣ በልደታ፣ በአዲስ ከተማና በቂርቆስ ክፍለ ከተሞች፣ ጥቂት ብሎኮች ይመረጡ። ብዙ አይሁኑ። በእያንዳንዱ ላይ ምንም መሥመር ከመሠመሩ በፊት በር በር እየተንኳኳ ይቆጠር፤ ባለይዞታው፣ የቀበሌ ተከራዩ፣ ደባሉ፣ ባለ ጉልቷ፣ ጋጋሪዋ፣ መጸዳጃው፣ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ። ከዚያ የአካባቢ ልማት ፕላኑ፣ ማለትም የዚያ ብሎክ ዝርዝር ፕላን፣ የሚለካው «እነዚህ ሰዎች ስንቶቹ እዚያው ይቀራሉ?» በሚለው ይሁን። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታዎች መሬታቸውን በግል ወይም በጋራ ሆነው ራሳቸው እንዲያለሙ የቅድሚያ መብት ሰጥቷል። ይህ መብት ወረቀት ላይ ተኝቶ ይኖራል፤ ምክንያቱም ጎረቤታሞች ተስማምተው፣ ዲዛይን አሠርተው፣ ባንክ ሄደው ብድር እስኪያገኙ የሚሰጣቸው ጊዜም የሚደግፋቸው ባለሙያም የለም። የዓመቱ በጀት ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚቀመጡ ጥቂት መሐንዲሶችና ጥቂት የማኅበራዊ ሠራተኞች ደመወዝ ከአንድ አደባባይ እብነ በረድ አይበልጥም።

አንድ ነገር ጨምሬ ላንሳ። 30፣ 30፣ 40 የሚል መመዘኛ አለን፤ 30 በመቶ ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 30 ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 40 ለግንባታ። ጥሩ መመዘኛ ነው። ሲተገበር ግን አረንጓዴው ሁሉ ተሰብስቦ ዋናው መንገድ ዳር ወይም ትልቁ ፓርክ ውስጥ ይሆናል፤ ሂሳቡም በከተማ ደረጃ ይሞላል። ሂሳቡ በብሎክ ይሠራ። የእንጦጦ ፓርክ ለከተማዋ ሳንባ ነው፤ ከደጃች ውቤ ሰፈር የአምስት ዓመት ልጅ ግን ብቻውን እንጦጦ ሄዶ አይጫወትም። ለሱ የጋራ ቦታ ማለት እናቱ ከበሩ ሆና ስትጠራው የሚሰማበት ነው።

ሁለተኛው ወንዞቹ ናቸው። እዚህ ላይ ከብዙ ባልደረቦቼ የምለየው በቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ባንትይቀጡ፣ ሁሉም ከላይ ከእንጦጦ በኩል ጀምረው ከተማውን አቋርጠው ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። የወንዝ ዳር ልማቱ በዘመናችን ከተሠሩት መልካም ሥራዎች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ታች ያለው ዳርቻ ቢነጠፍ፣ ሣር ቢተከልበት፣ ከላይ ያለው ብሎክ መጸዳጃውን ወደ ቦዩ እየለቀቀ ከሆነ ያ ሣር የሚጠጣው ያንኑ ነው። ደግሞ አሁን መሃል ከተማው በብዛት እየተነጠፈ ነው። ቀድሞ ግቢ ውስጥ አፈር ያስቀረው የነበረው የሐምሌ ዝናብ ዛሬ በአስፋልትና በንጣፍ ላይ ተንሸራቶ በአንድ ጊዜ ወንዝ ይገባል፤ ወንዙም በድንገት ይሞላል። ውኃው የሚመታው ታች ዳርቻው ላይ ያለውን ድኻ ነው። ስለዚህ የዓመቱ የወንዝ ገንዘብ ከላይ ይጀምር፤ ፍሳሽ መሥመር ባልገባባቸው ብሎኮች፣ ውኃ የሚያሰርጉ ክፍት ግቢዎችን በማስቀረት፣ ኮብልስቶን በሚበቃበት አስፋልት ባለማፍሰስ። ለፎቶ አይመችም። ከመሬት በታች የተቀበረ ቧንቧን ማንም ሪባን ቆርጦ አይመርቀውም፤ የልጅ ተቅማጥ የሚያስቆመው ግን እሱ ነው።

ሦስተኛውን በአጭሩ። አዲስ በሚሠሩ ሕንፃዎች የምድር ቤት ውስጥ ለትንንሽ ነጋዴ የሚሆን ስፋት በፈቃዱ ላይ ይካተት። አሁን ምድር ቤቱ በሙሉ ለአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ይከራያል። ጫማ ሰፊው አራት ካሬ ሜትር ይበቃዋል።

እንግዲህ የሚቆየውን ልናገር ቃል ገብቻለሁ። በመሃል ከተማ የተለቀቀ መሬት ለአንድ ዓመት ለጨረታ አይውጣ። አዎ፣ ለአንድ ዓመት ሙሉ። ቆጠራው ተጠናቆ፣ የብሎኮቹ የአካባቢ ልማት ፕላን ታውቆ፣ ከተማዋ ለራሷ ሰዎች ቤት የምትሠራበት ስንት ሄክታር እንደሚያስፈልጋት ከታወቀ በኋላ የተረፈው ይሸጥ።

ይህን ስናገር የፋይናንስ ሰዎች ፊት እንደሚጨማደድ አውቃለሁ፤ ትክክልም ናቸው። ከተማዋ የሊዝ ገቢ ያስፈልጋታል። መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የምገባ ፕሮግራሙም ገንዘብ ይፈልጋል። መሬት ጾም ካደረ ደግሞ ቆሻሻ መጣያ ይሆናል፤ ካሳንችስና ፒያሳ አጥር ውስጥ ያለውን ሁላችንም እያየን ነው። የኔ መልስ እንዲህ ነው። የእነዚህ ቦታዎች ዋጋ ገና እየወጣ ነው፤ መንገዱን፣ መብራቱን፣ የወንዝ ዳሩን ያለበሰቻቸው ከተማዋ ናትና። ገበሬ ሲቸግረው ሰብሉን በእሸቱ ይሸጣል፤ ግማሽ ዋጋ ያገኛል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ያንኑ እህል በእጥፍ ይገዛል። እኛም ዛሬ መሃሉን ሸጠን ነገ ለተነሺው ዳር ላይ አዲስ መንገድ፣ አዲስ ውኃ መሥመር፣ አዲስ አውቶቡስ፣ አዲስ ትምህርት ቤት እንገዛለን። ያ ወጪ ከሊዝ ገቢው ላይ ተቀንሶ ሲታይ ምን እንደሚተርፍ ይሰላ፤ ስሌቱም ለሕዝብ ይቅረብ። ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል። ስሌቱ ከተሠራ በኋላ ብሳሳት ደስ ይለኛል።

የባዶ ቦታውን ነገር ደግሞ መሬቱን በአንድ ዓመት ውስጥ ለጊዜው መጠቀም ይቻላል፤ ለጉልት ገበያ፣ ለኳስ ሜዳ፣ ለከተማ ግብርና፣ ለድንኳን ቦታ። አጥሩን ከፍቶ ለሰፈሩ ኮሚቴ በውል መስጠት ነው፤ ውሉ ሲያልቅ ይመለሳል።

የሥራውን ወራትም አስቤባቸዋለሁ። በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን ዝናብ ነው። በዝናብ በር ማንኳኳት ያስቸግራል፤ መጸዳጃው የት እንደሚሞላና ውኃው ወዴት እንደሚፈስ ለማየት ግን ከክረምት የተሻለ ጊዜ የለም። ስለዚህ ክረምቱን ውኃውን እንከተል፤ መስከረም ከጠባና ልጆች ትምህርት ከገቡ በኋላ ቆጠራው ይጀመር። ውይይቱ ከታኅሣሥ እስከ ጥር ይሁን፤ በሥራ ቀን ጠዋት በአዳራሽ ሳይሆን እሁድ ከዕድር ስብሰባ በኋላ፣ ሰፈሩ በሚያውቀው ቦታ። አዋጅ 574 የሕዝብ ተሳትፎ፣ ግልጽነትና ተጠያቂነት ከፕላን መርሆዎች መካከል እንደሆኑ ይናገራል። ውሳኔ ካለቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ማስታወቂያ ነው። ከዚህ በፊት በሠራሁበት አንድ ፕሮጀክት ነዋሪው የተጠራው ማሽኑ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት ነበር። ጥያቄ የጠየቁኝን ሰዎች መልስ ያጣሁላቸው ያኔ ነው፤ አሁንም ፊታቸው ይታየኛል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላል የሀገራችን ሰው፤ መሬት ላይ የፈሰሰው ግን አይለቀምም።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ስለ ጨረታው ነው። አንድ ወጣት መሐንዲስ የአንድ ዓመት መቆም ግንባታ ላይ ያሉ ሠራተኞችን ከሥራ ያስወጣል አለኝ። ቀድሞ የተፈረሙ ግንባታዎች እንደሚቀጥሉ፣ በብሎኮቹ ውስጥ የሚሠሩት መንገድ፣ ቧንቧና ቤትም ሥራ እንደሆኑ ነገርኩት፤ ሙሉ በሙሉ ግን አላሳመንኩትም። በሚቀጥለው ስሌቱን ይዞ እንዲመጣ ተስማምተናል።

በመጨረሻ ከኋላ ወንበር ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ተነሱ። ማይክ ሲሰጣቸው አልፈለጉም።

«ልጄ፣ ያ ቆጠራ ያልከው የሚመጣው መቼ ነው?»

«እንደ ሐሳቤ ከሆነ መስከረም ላይ፣ እማማ። የሚወስኑት ግን ሌሎች ናቸው።»

«እንግዲያው ሲመጡ ንገርልኝ። የኔ ስም መዝገብ ላይ አለ፤ በኔ አያስቸግሩ። ከኔ ጋር ያለችው ልጅ ግን የለችም። አሥራ አንድ ዓመት ሆናት፤ ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ ስታመም ውኃ የምታቀብለኝ እሷ ናት። እሷንም ጻፏት።»

ስሟን ጠየቅኳቸው፤ ነገሩኝ። ቆሜ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።